ወረራ፥ ተራና የራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ

ሰው ሁሉ እሑድ ከሰዓት በኋላን የሚያሳልፍበት የየራሱ ዘዴ አለው። አንዱ ወደ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፤ አንዱ ኳስ ለማየት ይሽቀዳደማል፤ አንዱም የሳምንቱን የእንቅልፍ ዕዳ በአንድ ቀን ይከፍላል። እኛ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን የደመወዝ ሰው ከሆንን ወዲህ እሑዳችንን ለቼዝ ሰጥተናል። ቦታውም በሆቴሉ ስም አትላስ ተብሎ በሚጠራው የቦሌ ሠፈር፥ በአንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። መኪናው ይጮኻል፤ የቡናው መፍጫ ያጉረመርማል፤ የአስተናጋጇ ትሪ ይንኳኳል። ቼዝ የሚጫወት ሰው ግን ይህን ሁሉ አይሰማም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ በረንዳ ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር ተቀምጠን፥ በቅርብ ያጠናነውን አንድ የማጥቃት ስልት ስናሳየው ነበር። ስልቱ በእንግሊዝኛ «የተጠበሰ ጉበት» ይባላል። ባልደረባችን ስሙን ሲሰማ «ታዲያ ለምን ዱለት አላሉትም?» ብሎ ሳቀ። የስሙ ምንጭ ጣሊያንኛ ሲሆን፥ በዚያ አገር አነጋገር አንድ ሰው ማምለጫ አጥቶ ያለቀለት እንደሆነ «እንደ ጉበት ቁራጭ ሆነ» ይባላል። በዚህ ስልት የተጠመደ ንጉሥም ዕጣው ይኸው ስለሆነ ነው።

ቼዝ የማያዘወትሩ አንባቢያን እንዳይሰለቹ፥ ነገሩን በአጭሩ እንግለጠው። ነጩ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 ሁለት እርምጃ ያስወጣል፤ ጥቁሩም ኢ5 ላይ አምጥቶ ፊት ለፊት ይገትርበታል። መኻሉ እንዲህ ወዲያው ስለሚከፈት፥ በዚህ ዓይነት የሚጀመር ጨዋታ «ክፍት ጨዋታ» ይባላል። ቀጥሎ ነጩ አንድ ፈረስ ወደ ኤፍ3፥ ጥቁሩም አንድ ፈረስ ወደ ሲ6 ያወጣሉ። በሦስተኛው እርምጃ ነጩ ቢሾፑን ሲ4 ላይ ሲያቆም፥ ጥቁሩ ሁለተኛውን ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ያመጣል። የጥቁሩ ሁለት ፈረሶች ስለ ወጡም አከፋፈቱ «የሁለት ፈረሶች መከላከያ» ተብሏል።

አሁን ሰሌዳውን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ በጥቁሩ ሠፈር ውስጥ አንድ ደካማ ቦታ ይታያል፤ ይኸውም ኤፍ7 ነው። በዚያ ላይ የቆመው ወታደር ከንጉሡ ከራሱ በቀር ሌላ ጠባቂ የለውም። የነጩ ቢሾፕ ከሩቅ ሆኖ ይህንኑ ቦታ ያያል። እንግዲህ ነጩ በአራተኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ጂ5 ወርወር ሲያደርገው፥ ደካማው ቦታ በሁለት ወገን ተጠመደ ማለት ነው። ጥቁሩም የቢሾፑን መንገድ ለመዝጋት ወታደሩን ወደ ዲ5 ያወጣል፤ ነጩ በወታደሩ ይበላዋል። ጥቁሩ ነገሩ ያለቀ መስሎት ያንን ወታደር በፈረሱ መልሶ የበላ እንደሆነ፥ መከራው የሚጀምረው ገና ያን ጊዜ ነው።

ነጩ ፈረሱን ይሠዋል። በቀጥታ ኤፍ7 ላይ ገብቶ ንግሥቲቱንና ጥግ ላይ ያለውን ሩክ በአንድ ጊዜ ያስጨንቃል። ንጉሡ ፈረሱን ከመብላት በቀር ምርጫ የለውም፤ ሲበላውም ከቤቱ ይወጣል። ወዲያው የነጩ ንግሥት ኤፍ3 ላይ ብቅ ብላ «ንጉሥህን ጠብቅ» ትለዋለች፤ በዚያውም ዲ5 ላይ የቆመውን ፈረስ ታስፈራራለች። ጥቁሩ ፈረሱን እንዳያጣ ንጉሡን ወደ ኢ6፥ ማለትም ወደ ሰሌዳው መኻል ያወጣዋል። በጨዋታው መጀመሪያ፥ ሠራዊቱ ገና ሳይወጣ፥ ንጉሡ ራሱ ሜዳ ላይ ቆሞ ዘብ ይጠብቃል! ይህን ጨዋታ በ1610 ዓ.ም. ገደማ ፖሌሪዮ የተባለ ጣሊያናዊ በሮማ እንደ ተጫወተው ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታራሽ የተባለው ስመ ጥር የጀርመን ቼዝ ሊቅ ግን ያንን የፈረስ ዝላይ የለማጅ እርምጃ ነው ብሎ ነቅፎታል። ምክንያቱም ሌሎቹ ገና ከሠፈር ሳይወጡ አንዱን ፈረስ ሁለት ጊዜ ማንቀሳቀስ ከሥርዓቱ ውጭ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ ቦቢ ፊሸር በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ ከቢስጋየር ጋር በገጠመ ጊዜ ይኸንኑ የተነቀፈ እርምጃ ተጫውቶ አሸንፏል። ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ መከራከራቸውን አልተዉም።

ይህን ሁሉ ለባልደረባችን በኩራት ስናስረዳ፥ በአጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን ወደ እኛ አስጠጉ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው፥ ሸበቶና ጨዋ ሰው ናቸው። ጥቂት ተመልክተው፥ «ልጆቼ፥ ይህማ ወረራ ነው፤ ችግሩ ግን እናንተ ወረራውን በተራ ታደርጉታላችሁ» አሉን።

«ጋሼ፥ ያለ ተራ ደግሞ እንዴት ይሆናል?» ብንላቸው፥ መልስ ሳይሰጡ መጫወቻዎቹን በሰሌዳው ላይ እንደገና ደረደሯቸው። ከዚያም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይነዱት ጀመር። አንድ ወታደር፥ ሁለት ወታደር፥ ፈረስ፥ እንደገና ወታደር! እኛ «የማን ተራ ነው?» እያልን ስንጠይቅ፥ እሳቸው ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ሄደው ግማሹን ሜዳ ያዙት። ኋላ ቀና ብለው፥ «እናንተስ እጃችሁ ታስሯል ወይ?» አሉን።

ሽማግሌው ያሳዩን የአገራችንን የጥንት ሰንጠረዥ ነበር። በልጅነታቸው አባታቸው ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ እያዩ የቀሰሙት ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል በመሥሪያ ቤት የምናሰምረው የቁጥር ሠንጠረዥ ብቻ ትዝ የሚለን ሰዎች፥ ቃሉ ለዘመናት የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ ስም እንደ ነበር ዘንግተነዋል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከ1508 እስከ 1540 ዓ.ም. የነገሡ ስለሆኑ፥ ጨዋታው በአገራችን ከአራት መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ኖሯል ማለት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ አንድ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ከእሳቸውም በፊት የዓለም ቼዝ ታሪክ ጸሐፊው መሪ በ1913 ዓ.ም. ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የኢትዮጵያን ጨዋታ ለይቶ ጠቅሶታል።

የሰንጠረዡ ሜዳ እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ፥ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ በስምንትና በስምንት ተከፍሎ ስድሳ አራት ቤት ይወጣለታል። በመኻሉ ንጉሡ ይቆማል። በአጠገቡ ያለው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሜዳውን ሁሉ የሚያካልል ሳይሆን፥ አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ የሚራመድ ትሑት አማካሪ ነው። ፊል ማለት ዝሆን ነው፤ እሱም ቢሾፑን ተክቶ፥ በመኻል ያለውን ሁሉ ዘሎ፥ በሰያፍ ሦስተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ፈረሱና ደር የሚባለው የጥግ መጫወቻ እንደ ዛሬዎቹ ናቸው። መደቅ የሚባሉት እግረኞች ግን መጀመሪያም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይራመዱም።

እንግዲህ እንዲህ የሚያዘግሙ መጫወቻዎች በተራ በተራ ቢሄዱ፥ ሠራዊቱ እስኪገናኝ ድረስ ቡናው ሦስተኛውን ይደርሳል። ወረራ የሚባለው ሥርዓት ይህን ችግር የፈታ ይመስለናል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ እጃቸው እንደ ፈጠነ፥ ዓይናቸው እንደ በራ፥ ያሻቸውን ያህል ይራመዳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል፤ ያስወጣውን መልሶ ያስገባል፤ የግራውን ወደ ቀኝ ያዞራል። ይህ ሁሉ የተፈቀደ ነው። የመጀመሪያው መጫወቻ በተበላ ጊዜ ግን ወረራው ያበቃል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ ይመጣል፤ የተራመዱትን መመለስም የለም። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን፥ ከሞተ በኋላ በ1868 ዓ.ም. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህን ጨዋታ ተርኮታል።

በማሸነፍ ረገድም የአባቶቻችን ሚዛን የተለየ ነበር። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መማረክ እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም፤ ጉልበተኛ በጉልበቱ ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? በፊል ወይም በፈርዝ የማረከ ግን የተመሰገነ ነው። ብቻውን የቀረን ንጉሥ እያሳደዱ መማረክም የተከለከለ ነበር። በአጭሩ፥ ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ተሸነፈም ይቈጠር ነበር።

ሽማግሌው በዚያን ዕለት ሦስት ጊዜ አሸነፉን። በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር አስተዋልን። እኛ ወረራው እንደ ተጀመረ ቶሎ ለመብላት እንቸኩላለን፤ እሳቸው ግን የሚበላ ነገር ከፊታቸው እያለ እንኳ ዝም ብለው አሰላለፋቸውን ያስተካክላሉ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ «ከበላህ በኋላ ጨዋታው የተራ ነው። ያልተዘጋጀ ሰው ቀድሞ ቢበላ፥ ለሌላው ተራ ሰጠ ማለት ነው» ብለው አስረዱን።

ስለዚህ ጨዋታ ከተጻፉት ሁሉ በልባችን የቀረው ግን ሌላ ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ በ1805 ዓ.ም. ወደ ትግራይ ተልኮ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። ትዝብቱም ሎርድ ቫሌንሺያ በ1809 ዓ.ም. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ራስ ሰንጠረዥ እጅግ ይወዱ ነበር። መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትልልቆች ናቸው፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን መጫወቻ የሚያነሣው በኃይል መትቶ ነው። አዳራሹ በጫጫታ ይሞላል። በዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ፥ አገልጋዮች ሳይቀሩ፥ ይመክራል፤ አልፎም እጁን ሰዶ መጫወቻውን እያነሣ «እንዲህ ቢሄድ ይሻላል» ብሎ ያሳያል። ሶልት ይህን ሁሉ ከተረከ በኋላ ግን አንዲት ነገር ይጨምራል፤ በዚያ ያለው ሰው ሁሉ በብልኀት እየተጠበበ፥ ራስ ጨዋታውን ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ያደርግ ነበር ይላል።

አንባቢያችን ይህን ሲያነብ ፈገግ ይል ይሆናል፤ እኛ ግን ስናነበው ፊታችን ቀላ። ምክንያቱን መናገር ግዴታችን ነው።

ባለፈው ዓመት በመሥሪያ ቤታችን በምሳ ሰዓት ቼዝ መጫወት ተለምዶ ነበር። አንድ ዓርብ ከመምሪያ ኃላፊያችን ጋር ደረሰን። ነጩ የእኛ ሆነ። ኢ4፥ ኢ5፤ ፈረስ፥ ፈረስ፤ ቢሾፕ፥ ፈረስ። ፈረሳችንን ወደ ጂ5 አስገባን። ኃላፊያችንም ወታደራቸውን ወደ ዲ5 ገፉ፤ በላን፤ እሳቸውም በፈረሳቸው መልሰው በሉ። ያ ለስንት ሌሊት ያጠናነው ሥዕል ከፊታችን ተዘረጋ! ፈረሳችን ኤፍ7 ላይ ቢገባ የቀረው እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ባልደረቦቻችን በዙሪያ ቆመው ያያሉ። እንደ ራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

እኛም ፈረሱን ወደ ኋላ መለስነው። ከዚያ በኋላ እያወቅን እየተሳሳትን፥ በሠላሳኛው እርምጃ ገደማ ተሸነፍን። የቆመው ሰው አጨበጨበ። እኛም «እርስዎን ማን ይችልዎታል» ብለን እጅ ነሣን።

ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲበተን፥ ኃላፊያችን ወደ ቢሯቸው ጠሩን። ቍጣ የለባቸውም። ከጠረጴዛቸው ላይ ቁራጭ ወረቀት አንሥተው፥ ያንን አሰላለፍ በእርሳስ ነድፈው አሳዩን። «ልጄ፥ ይህ ፈረስ ለምን ኤፍ7 ላይ አልገባም?» አሉን። ዝም አልን። ጥቂት ጠብቀው፥ «እንግዲያስ ሐሙስ የቀረበልኝ የምርመራ ጽሑፍም እንዲህ ነው ወይ?» ሲሉ ጨመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ሳምንት ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ስለሚላክ ዕቃ እሳቸው ያወጡትን ዕቅድ እንድንመረምር ሰጥተውን ነበር። ዕቅዱ ዕቃው በሐምሌ እንዲጫን ያዛል። ከጣቢያዎቹ የሁለቱ መንገድ ግን ክረምት ሲገባ በጭቃና በጎርፍ እንደሚቆረጥ ከሥራ ጉዟችን እናውቅ ነበር። ይህን እያወቅን፥ የኃላፊን ዕቅድ ማረም ድፍረት መስሎን፥ «ተመርምሮ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል» ብለን ፈርመን መልሰናል። ፈረሱን ወደ ኋላ የመለስነው ዓርብ ሳይሆን ሐሙስ ኖሯል።

ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርን። ኃላፊያችንም ሳይገሥጹ ጽሑፉን መልሰው ሰጡን፤ ስሕተቱን በራሳችን እጅና በራሳችን ፊርማ እንድናርም አዘዙ። ጭነቱም ወደ ግንቦት ተዛወረ። እኛ ግን ወደ መቀመጫችን ስንመለስ አንድ ነገር ያሳስበን ነበር። ይኸውም፥ እኛ ለኃላፊያችን ፊት አክብሮት ያሳየን መስሎን ሳለ፥ መድኃኒት የሚጠብቁ በሽተኞችን በጭቃ ማዶ ልናስቀር እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ የሶልትን ትዝብት እንደገና እንመርምረው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ልማድ አብሮ ይኖር ነበር። አንደኛው፥ አገልጋዩ ሳይቀር በራስ ፊት እጁን ሰዶ «ይህ ይሻላል» የሚልበት ነጻነት ነው፤ ይህ ሊያኰራን ይገባል። ሁለተኛው፥ በመጨረሻው ራስ እንዲያሸንፉ ሁሉም የሚተባበርበት ብልኀት ነው፤ ይህ ግን የሚጎዳው ከማንም በላይ ራስን ነው። ሁልጊዜ እያሸነፈ የሚኖር ሰው፥ የጨዋታ ችሎታው የቱን ያህል እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ስንፍናውን የሚነግረው የለም፤ ጕብዝናውም ቢሆን እውነተኛ ይሁን የተሰጠው ይሁን አይለይም። «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ብሂል አባቶቻችን አውርሰውናል፤ በሰንጠረዥ ላይ ግን ንጉሥ የሚማረክበትን ጨዋታ ያወረሱንም እነሱው ናቸው።

ከሽማግሌው ወረራ የተማርነውም ከዚህ ጋር ይገናኛል። በመሥሪያ ቤት ሥራም የወረራ ጊዜ አለ፤ የተራም ጊዜ አለ። ዕቅድ ገና በረቂቅ ሳለ ማንም ሰው ሐሳቡን ያወጣል፥ ይመልሳል፥ አሰላለፉን ይለውጣል፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ፊርማ ካረፈና ማኅተም ከተመታ በኋላ ግን የመጀመሪያው መጫወቻ ተበልቷል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ ያስከፍላል። በወረራው ጊዜ አፉን ዘግቶ ቆይቶ፥ በተራው ጊዜ በየጓዳው የሚያጉረመርም ሰው፥ የጨዋታውን ደንብ አላወቀም።

ተምረናል የምንል ወጣቶች ደግሞ ሌላ ፈተና አለብን። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ከኮምፒዩተር ጋር ሊገጥም፥ የሊቃውንቱን ስልት በአንድ ሌሊት ሊሸመድድ ይችላል። ኢትዮጵያም በዓለም የቼዝ ኦሎምፒያድ ላይ ተሰልፋ ታውቃለች። ይህ መልካም ነው። የፖሌሪዮን ጨዋታ ከሮማ ድረስ አምጥተን ስናጠና ግን፥ ወረራን የሚያስታውሱት ሽማግሌ በአትላስ በረንዳ ላይ ከአጠገባችን ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ጠይቀናቸው አናውቅም። እንደ እሳቸው ያለ ሰው በየሠፈሩ አንድ ሁለት ቢኖር፥ የሚያውቀውን ቁጭ ብሎ መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው። የቀይ ጨርቁን ሜዳ ለመሥራት ከአንድ ክንድ ጨርቅና ከጥቂት ጥብጣብ በላይ ወጪ አይጠይቅም።

የቀረውን ታሪክ ተናግረን እንሰናበት። ዕቅዱ በታረመ ማግሥት ሳምንት፥ ኃላፊያችን ለሁለተኛ ጊዜ ጋበዙን። እኛም ነጩን ይዘን ያንኑ መንገድ ተከተልን፤ ኢ4፥ ኢ5፤ ፈረሱ ጂ5 ላይ ገባ፤ ወታደሩ ተበላ። በዚህ ጊዜ ግን ወታደሩን በፈረስ መልሰው አልበሉም። ሌላውን ፈረሳቸውን ወደ ጠርዝ፥ ወደ ኤ5 አውጥተው ቢሾፓችንን አስጨነቁት። ሊቃውንቱ ለጥቁሩ የሚመክሩት እርምጃ ይኸው ነው፤ ጥቁሩ አንድ ወታደር ከስሮ ጊዜ ይገዛል። እኛ ወታደሩን ስንጠብቅ እሳቸው ሠራዊታቸውን አሰልፈው ጨረሱ። በመጀመሪያው ጨዋታ በፈረሱ የበሉት አውቀው ይሁን ወይም ተሳስተው፥ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ያለ የሌለ ኃይላችንን አውጥተን ታገልን። በአርባኛው እርምጃ ገደማ ግን ንጉሣችን ተማረከ። ማንም አላጨበጨበም፤ ኃላፊያችን ብቻ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡን። ከተጫወትናቸው ጨዋታዎች ሁሉ እንደዚያን ቀን መሸነፍ የጣመን ጊዜ የለም።